የማቆሚያው ቃል

ወንድሜ ኡበይድ ቀኝ እግሩን ጨርቅ እንዲነካው አይፈቅድም። ሲተኛ እግሩን ከአንሶላው ውጪ ያደርገዋል። የፕላስቲክ ጫማውን የላይኛውን ክፍል በምላጭ ቆርጦ ጥሎታል፤ የቀረው ሶሉና ተረከዙን የሚይዘው ማሰሪያ ነው። ዝንብ ካረፈበት ጥርሱን ይነክሳል። እግሩን አገላብጦ ያየ ሰው ግን ምንም አያገኝበትም። እብጠት የለም፣ ጠባሳ የለም፣ የቆዳው ቀለም ከግራው አይለይም። ሲራመድ አያነክስም። የሚያቃጥለው ከጣቶቹ በላይ ካለው የእግሩ ገጽ ተነስቶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ነው። ቦታውን በእስክሪብቶ ክበብልኝ ብዬ በተለያየ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ያለፈውን መስመር ታጥቦ እስኪጠፋ ጠብቄ። መስመሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። የሚያስመስል ሰው እንዲህ አያሰምርም።

ማሳችን ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። በመስኖ ሽንኩርት እናለማለን፤ በክረምት ማሽላ እንዘራለን። ቦዩን የሚያስተዳድረው የውኃ አባት ታሂር ነው። ማን በየትኛው ቀን ውኃ እንደሚያገኝ የሚናገረው እሱ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ተራው አንዴ ካለፈው አይነሳም። ስለዚህ በሰፈራችን ከታሂር ጋር የሚጣላ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የኡበይድን ተራ አንስቶ ለሚስቱ ወንድም ሰጠው። ኡበይድ ወርዶ ቦዩን ከፈተ። ታሂር አካፋውን አዙሮ በእጀታው መታው።

የመጀመሪያው ምት ጀርባው ላይ አረፈና ወንድሜ ጭቃው ውስጥ ወደቀ።

«በቃኝ ታሂር፣ በቃኝ አልኩት» ብሎኛል ኡበይድ። ሁለተኛው ምት የመጣው ከዚህ ቃል በኋላ ነው።

ያረፈው ከቀኝ ጉልበቱ በታች በውጪው ጎን ነው። እዚያ ጋ በጣት ሲዳሰስ ጎበጥ ያለ አጥንት አለ። ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ያን አጥንት ታክኮ ያልፋል። ከላዩ ቆዳ እንጂ የሚከልለው ሥጋ የለውም። እኔ ይህን ነርቭ ከማንኛውም የሰው አካል ክፍል በላይ አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ፀጉር በምታህል መርፌ እዚያች ቦታ ገብቼ የነርቭን ድምፅ እቀዳለሁ።

እብጠቱ ጠፋ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ እግሩ ግን መንደድ ጀመረ። ነገሩ ወደ አበጋሮቹ ሄደ፤ ደም የተቃባንና የተጣላን የሚያስታርቁት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። ከዚያ በፊት ኡበይድ ትልቅ ሆስፒታል ሄዶ ነርቩ ተመርምሮ ነበር። ሐኪሙ ጤነኛ ነው አለው። ሐኪሙ አልዋሸም። ነርቭ እንደ ገመድ ነው፤ ውስጡ ወፋፍራም ክሮችም ቀጫጭን ክሮችም አሉ። ወፋፍራሞቹ ጡንቻ ያዝዛሉ፣ ንክኪ ያደርሳሉ። ቀጫጭኖቹ ቃጠሎን፣ ሙቀትንና ብርድን ያደርሳሉ። የሆስፒታሉ መሣሪያ የሚሰማው የወፋፍራሞቹን ብቻ ነው። እነሱ በእርግጥም ጤነኛ ነበሩ።

ቁርቁራው ዛፍ ሥር በተደረገው ሽምግልና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሁሉንም አይቻለሁ። ትልቁ አበጋር ፈሪድ «ቁስሉ የታለ?» አሉ። ኡበይድ እግሩን ዘረጋ። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሐኪም ጤነኛ ነው ያለውን እናንተ ታማሚ ልትሉት ነው?» አለ ታሂር። «ያስመስላል። እጁ ያቃተውን ውኃ በእግሩ ሊወስድ ፈልጎ ነው።»

ሰው ሳቀ። ተራውን የሚጠብቅ ሰው የውኃ አባት ሲቀልድ ይስቃል።

ውሳኔው ኡበይድ የታሂርን ስም በሐሰት ስላጠፋ ጉልበቱን ስሞ «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ እንዲጠይቅ ሆነ። በእኛ ወግ ሰው ጉልበት ሊስም ሲጎነበስ፣ የሚሳመው ሰው ከንፈሩ ሳይደርስ ትከሻውን ይዞ ቀና ያደርገዋል። «ተው በነቢ፣ ተነስ» ይለዋል። ማጎንበሱ ይበቃል፤ እስከ መጨረሻው ማውረድ ነውር ነው። ታሂር እጁን ከጭኑ ላይ አላነሳም። ወንድሜ እስከ ታች ወረደና ሳመ። ታሂር ያኔ ወደ ሽማግሌዎቹ እያየ ነበር፤ ፈገግ ብሎ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። የታሂር ከንፈር የወንድሜን ጉልበት እንዲነካ፣ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት፣ ማንም ትከሻውን ይዞ ሳያነሳው። ከዚህ ያነሰ አልፈልግም። ከዚህ የበለጠም አልፈልግም።

ዘንድሮ ማሽላው ሊደርስ ሲል ከባልደረባዬ ከዶክተር ኤልሳቤጥ ጋር መሣሪያችንን ጭነን ቆቦ ገባን። ጥናታችን እግራቸው የሚያቃጥላቸው፣ ለዓይን ግን የሚታይ ነገር የሌላቸውን ሰዎች የሚመለከት ነው። ስኳር ያለባቸው አሉ፣ ተመትተው የዳኑ አሉ፣ መንስኤው ያልታወቀም አለ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹ በእርግጥ እዚህ በብዛት አሉ፤ የመረጥኩት ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም።

አስፋልቱ ዳር ካለ የእህል መጋዘን ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየን። በመጀመሪያው ሳምንት ከድምፅ ማጉያው የምንሰማው «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ብቻ ሆነ። የነርቭ ክር የምታወጣው ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ በአካባቢው ያለ ኮረንቲ ሁሉ ይውጠዋል። የውኃ ፓምፖቹ ሲሠሩ አንድም ነገር አይሰማም። መሣሪያውን በባትሪ አድርገን፣ መብራት ጠፍቶ ፓምፖቹ ዝም እስኪሉ መጠበቅ ለመድን። ቆቦ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚደሰቱ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ እኛ ነበርን።

ኡበይድን እኔ አልቀዳሁትም። እህቱ ነኝ፤ የምሰማውን የምፈልገው ነገር ሊያጣምምብኝ ይችላል። ኤልሳቤጥ ቀዳችው። እኔ ውጪ ሆኜ ጠበቅኩ። ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«ራዊያ» አለችኝ፣ «ቀጭኑ ክር አላርፍ ብሏል። እግሩን ሳልነካው፣ ሳልቆነጥጠው፣ ዝም ብሎ ተኝቶ እያለ ምልክት ይተኩሳል። ደጋግሜ አረጋገጥኩ። ፍጥነቱን ለካሁት፤ የሕመም ክር ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወንድምሽ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ብለሽ አትጠይቂኝም ነበር።»

በማግስቱ አበጋር ፈሪድ ቤት ሄድኩ። የወንድሜን ሕመም የሚያሰማ መሣሪያ አለኝ፣ መጥተው ይስሙልኝ አልኳቸው። ሽማግሌው ነጭ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ታሂር በሌለበት አንሰማም» አሉ።

«ይምጣ» አልኩ። እንዲመጣ ነበር የምፈልገው።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ፓምፖቹ ዝም ባሉበት ሰዓት መጡ፤ አበጋር ፈሪድ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ታሂር። ታሂር አዲስ ሽርጥ ታጥቆ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነበር። ኡበይድ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ያን የተቆረጠ ጫማውን አድርጎ። ኤልሳቤጥ ከእሱ የቀዳችውን ከፈተችላቸው። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ የመሰለ ሹሹታ መጣ፤ ከውስጡ ደግሞ «ጠሽ… ጠሽ… ጠሽ» የሚል። ያ «ጠሽ» ሦስት ዓመት ሙሉ የወንድሜ እግር ውስጥ የነበረው ነገር ነው።

«ሬዲዮ ነው?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«የለም፣ ፓምፕ ነው» አለ ሌላው። «የታሂር ፓምፕ እንዲህ ይላል ሊበላሽ ሲል።»

«የኔ ፓምፕ ከዚህ ይሻላል!» አለ ታሂር። «እንግዲህ ነገ አህያዬም ታመመችብኝ፣ ሬዲዮ አስይዙልኝ እላችኋለሁ።»

ሳቁ። ያኔም እንዲሁ ነበር የሳቁት። ቀጫጭኖቹን ክሮችና ወፋፍራሞቹን ክሮች በገመድ እያሳየሁ አስረዳኋቸው፤ አበጋር ፈሪድ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ መሣሪያው ያንቺ፣ ቋንቋው ያንቺ፣ ወንድሙም ያንቺ። እኛ በምን እንወቀው? ከጤነኛ ሰው እግርስ ይሄው ድምፅ አይወጣም?»

«የጤነኛ ሰውማ ሳይነኩት ዝም ነው የሚለው፣ አባባ። እያንዳንዱን ታማሚ ከጤነኛ ሰው ጋር እናስተያያለን።»

«እሺ፣ እኔን ሰኪኝ!» አለ ታሂር፤ ሽርጡን ሰብሰብ እያደረገ። «ከኔ የበለጠ ጤነኛ ከየት ታመጫለሽ? የኔም እግር ላይ ከዘፈነ ውሸታም ነሽ፤ ሬዲዮሽን ጠቅልለሽ ትሄጃለሽ።»

ይህን እንዲል ጠብቄ ነበር። ታሂርን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ሰው እያየው ወደ ኋላ የሚል ሰው አይደለም። መርፌው የሚያሰማው ድምፅ ሽማግሌዎቹን እንደማያሳምን ደግሞ አስቀድሜ ገምቼዋለሁ። የኔ ተስፋ የነበረው መርፌው በሚሠራው ሌላ ሥራ ላይ ነው።

ኤልሳቤጥ ክንዴን ይዛ ወደ ውጪ አወጣችኝ።

«ይሄ ጥናት ነው ወይስ ቂም?»

«ሁለቱም ነው።»

«ራዊያ!»

«ራሱ ጠየቀ። እንደማንኛውም ሰው አስረዳዋለሁ፣ እንደማንኛውም ሰው ፈቃዱን እጠይቀዋለሁ። ለሌሎች ያልሠራነውን አንዲት ነገር አልሠራበትም። የኮረንቲውን ጣሪያ አንቺ ወስኚ፤ ማዞሪያው ከዚያ እንዳያልፍ ቆልፊው። አጠገቤ ቁሚ።»

ፊቴን አተኩራ አየችኝ። «በቃኝ ሲል ወዲያው ታቆሚያለሽ።»

«ከእሱ በተሻለ» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ያኔ አልገባትም።

ታሂር አልጋው ላይ በጎኑ ተኛ። ቀኝ እግሩን ባዶውን ዘረጋ፤ ሽማግሌዎቹ ከእግርጌው በኩል አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ለሁሉም የምናገረውን ለእሱም ተናገርኩ። መርፌው ከጉልበትህ በታች ይገባል። ነርቩን ለማግኘት ትንሽ ኮረንቲ እንልክበታለን። እግርህ ላይ መደንዘዝ፣ ውጋት፣ ቃጠሎም ሊሰማህ ይችላል፤ ጉዳት አያደርስብህም፣ ወዲያው ይለቃል። በማንኛውም ጊዜ ማስቆም ትችላለህ።

«የማቆሚያው ቃል ‹በቃኝ› ነው» አልኩት። «ሰው ሲያመው ብዙ ነገር ይናገራል፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለን። እሱን ስትል በዚያችው ቅጽበት አቆማለሁ። አባባ፣ እርስዎም ይስሙልኝ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ አበጋር ፈሪድ። «በቃኝ።»

«ለመርፌ በቃኝ የሚል ወንድ አለ እንዴ?» አለ ታሂር። ወደ ኡበይድ ዞሮ ጠቀሰው።

መርፌውን አስገባሁ። ቆዳ ሲወጋ ትንሽ ያማል እንጂ ሌላ የለውም፤ ታሂርም «ይቺ ናት እንዴ?» አለ። ነርቩን ሳገኘው የእግሩ ጣቶች ያለ ፈቃዱ ወደ ላይ ብድግ ብድግ አሉ። አንደኛው ሽማግሌ «ያ ሰላም!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። መርፌውን በጥቂቱ እየገፋሁ ቀጭን ክር ፈለግኩ። ሲገኝ ከድምፅ ማጉያው ሹሹታው ብቻ ቀረ። የእግሩን ገጽ በጥፍሬ ቆንጠጥ ሳደርገው «ጠሽ ጠሽ ጠሽ» አለ። እጄን ሳነሳ ዝም አለ። ደገምኩት። እንደዚያው ሆነ።

«ዝም አለ» አሉ አበጋር ፈሪድ።

«ጤነኛ ስለሆነ ነው፣ አባባ። ሳይነኩት ወሬ የለውም።»

«ተበላሽቶ ይሆናላ!» አለ ታሂር። የሳቀለት ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ሥራ ቀረ። ያገኘነው ክር የትኛውን የቆዳ ክፍል እንደሚያገለግል ለማወቅ በመርፌው ጫፍ ኮረንቲ እንልካለን፣ ሰውየው የት እንደተሰማው ይነግረናል። በሁሉም ሰው ላይ የምንሠራው ነው። ኮረንቲው ያለው ጉልበት ሥር ነው፤ አእምሮ ግን ከእግር እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ያ ክር ዕድሜውን ሙሉ ከእግር በቀር ከሌላ ቦታ ወሬ አምጥቶ አያውቅምና።

«አባባ፣ እግሩን ይመልከቱልኝ» አልኩ። «ማንም እንዳይነካው።»

ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ማዞሪያውን በዝግታ ከፍ ማድረግ ጀመርኩ።

«ደነዘዘኝ» አለ ታሂር። «አሁን ደግሞ በላኝ… ይበላኛል…» ከዚያ አንገቱን ብድግ አደረገ። «ኧረ! እግሬ! እሳት ጣላችሁበት እንዴ?»

«ማንም አልነካህም» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«እግሬን አቃጠለኝ እኮ! እዩት! እዩት እንጂ!»

አበጋር ፈሪድ መዳፋቸውን ቆዳውን ሳያስነኩ በእግሩ ላይ አሳለፉ። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ። «የቱ ጋ ነው?»

«እዚያ! ከጣቶቼ በላይ! እስከ ቁርጭምጭሚቴ!»

«እዚህ ምንም የለም፣ ታሂር።»

«ወላሂ እየነደደ ነው!»

«እብጠት የለውም» አለ ሌላው ሽማግሌ፤ ጉዳዩ ሽምግልና ሆኖበት። «አልቀላም። ቁስልም የለው።»

በሩ አጠገብ ኡበይድ ከወንበሩ ሳይነሳ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ያስመስላል።»

ማዞሪያውን ከነበረበት አልጨመርኩትም፤ ኤልሳቤጥ ካበጀችው ጣሪያ በታች ነው። ግን አልቀነስኩትም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «እዚህ ጋ ነው» ሲለኝ ቦታውን አስምሬ ወዲያው አጠፋው ነበር፤ ቃሉን አልጠብቅም። ታሂርን ቃሉን ጠበቅኩት። ታሂር እናቱን ጠራ፣ ነቢን ጠራ፣ አልጋውን ጨበጠ፣ እግሩን እዩልኝ እያለ ሽማግሌዎቹን ለመነ። ያን አንድ ቃል ግን አላለም። ለምን እንደማይል አውቃለሁ። ኡበይድ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

ኤልሳቤጥ እጇን ወደ ማዞሪያው ሰደደች። «ይብቃ።»

«ቃሉን አላለም» አልኳት።

«ራዊያ፣ አንሺ!»

«በቃኝ በላ!» አሉ አበጋር ፈሪድ። «ቃሉን ታውቀው የለም?»

ታሂር ላቡ በግንባሩ እየወረደ ወደ በሩ ዞረ። ከኡበይድ ጋር ተያዩ። እስከ ዛሬ ሳስበው፣ ያን ቀን ቦዩ ውስጥ የሰማውን ቃል ያስታወሰው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣውም። ከዚያ ወጣው።

«በቃኝ።»

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ማዞሪያው ዜሮ ላይ ነበር። ይህን ቃል ሰምቶ የሚቆም እጅ እንዳለ እንዲያይ ፈልጌ ነበር። አየ።

«እኔም ብዬህ ነበር» አለ ኡበይድ።

መርፌውን አወጣሁ፣ ቦታውን በጥጥ ያዝኩለት። አበጋር ፈሪድ አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ያን ቀን በቃኝ ብሎህ ነበር ወይ?»

ታሂር ጥጥ የተያዘበትን ቦታ ዳሰሰ።

«ታሂር። አላህ እየሰማህ ነው።»

«ብሎ ነበር» አለ።

«ከዚያ ወዲያ መታኸው?»

«መታሁት።»

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ያኔ እግሩን አየንና ምንም የለም አልን። ዛሬ ያንተን እግር አየንና ምንም የለም አልን። ዛሬ ያየሁት ያኔ ካየሁት በምንም አይለይም።» ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «እናንተስ?»

«አይለይም» አሉ።

«እንግዲያው ያኔ የፈረድነው ይመለስ። ተነስ። ወንድምህን አፉ በለኝ በለው።»

ታሂር ከአልጋው ወረደ። ቀኝ እግሩን ሲያሳርፍ ተጠንቅቆ ነበር፤ መሬቱ የጋለ ይመስል። ወደ ኡበይድ ሄዶ ጎንበስ አለ። እኔ የማየው የወንድሜን እጆች ነበር። ጭኖቹ ላይ ነበሩ። ታሂር በጣም ቀስ ብሎ ወረደ፤ ትከሻውን የሚይዘው እጅ እስኪመጣ እየጠበቀ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። አበጋር ፈሪድ ወደ ኡበይድ አዩ። ኡበይድ እጁን አላነሳም። ታሂር ወረደ፣ ወረደ፣ ከንፈሩ ጉልበቱን ነካ። ያ የተመታው ጉልበት ነው።

ያን ጊዜ ፎጣው ከታሂር ትከሻ ተንሸራቶ የኡበይድ ቀኝ እግር ላይ ወደቀ።

ወንድሜ ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ እኛ ፊት ሁልጊዜ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያልፈው። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። ታሂር ግን ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ገባው። ፎጣውን በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ፣ ሳይጎትት፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አነሳው። ከልጅ ፊት ላይ ንብ የሚያነሳ ሰው እንደዚያ ነው የሚያነሳው። ፎጣውን አንስቶም ከእግሩ አርቆ እንደያዘው ቀረ።

«አፉ በለኝ፣ ኡበይድ» አለ። «ሲነድህ እንደኖረ አላውቅም ነበር።»

ኡበይድ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። «ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። የውኃ ተራዬን ግን መልስ።»

«ይመለሳል።»

«ዛሬ።»

«ዛሬ።»

ሽማግሌዎቹ ፋቲሃ አድርገው ተነሱ። አበጋር ፈሪድ አጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝ፤ ሊመርቁኝ ይሁን ሊቆጡኝ አልለየሁም። አንዱንም ሳያደርጉ ወጡ። እርቁ በኡበይድና በታሂር መካከል ሆነ። እኔን ማንም አፉ በይ አላለኝም፤ እኔም አላልኩም።

ኤልሳቤጥ ገመዶቹን እየጠቀለለች፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች። «የዚህን ሰውዬ ቅጂ ከጥናቱ አወጣዋለሁ።»

«አውጪው። ንጹሕ አይደለም።»

«ቅጂው አይደለም ንጹሕ ያልሆነው። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እጄን አላስገባም።»

«ሁለተኛ ታሂር የለም» አልኳት። አልሳቀችም። ትክክል ነበረች፤ ግን ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ አሁንም ቃሉን እስኪል እጠብቀዋለሁ።

ታሂር አልወጣም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ግራ እግሩን መሬት አስረግጦ ቀኙን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ኡበይድ ከአጠገቡ አልፎ ወደ ቦዩ ሄዷል። ሌላ ሰው እስኪርቅ ጠብቆ ነው ወደ እኔ የቀረበው።

«እቱ» አለኝ። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «አሁንም ትንሽ ትንሽ ይለኛል። ይሄ ነገር ይለቀኛል ወይ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ይጠፋል፤ ማንም ላይ አልቆየም። ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃል። መርፌውን ወደ መያዣው መለስኩ። ክዳኑን ገጠምኩ። ጓንቴን አወለቅኩ፣ ጀሪካኑን አዘንብዬ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ በፎጣ አደረቅኩ። ታሂር ፊቴን እያየ ጠበቀ። ከፊቴ ላይ ምን ሊያነብ እንደፈለገ አውቃለሁ፤ ወንድሜ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ የፈለገውን ነው።

«ይለቅሃል» አልኩት።

ትከሻው ረገበ። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወጣ።

ኡበይድም ይሄንኑ ስንት ጊዜ ጠይቆኛል። እሱን ይለቅሃል ብዬው አላውቅም።